«እሜቴ፣ ምን ልጨምርበት?» ስለ ኤግዚማ ቆዳና ስለ ቤት ቅባት ሐዋሳ ላይ ያወራሁት

(ባለፈው ቅዳሜ ሐዋሳ ውስጥ በእናቶች ስብሰባ ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። የተቀረጸውን እየሰማሁ ነው የጻፍኩት። ሕፃናት ሲያለቅሱ የተቋረጠውን ቀንሻለሁ፤ ሌላው እንዳለ ነው።)

እንደምን አረፈዳችሁ!

ኧረ ጎበዝ፣ ቁርስ አልተበላም እንዴ? እስቲ እንደገና። እንደምን አረፈዳችሁ!

እንዲህ ነው እንጂ።

እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ በሩ አጠገብ የተደበቃችሁት ሦስት አባቶችም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። እናንተን በተለይ አመሰግናለሁ። ሚስት ልካችሁም ቢሆን መጥታችኋል።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። እዚሁ ከተማ መድኃኒት ቤት ውስጥ ስቆም 14 ዓመት አለፈኝ። የቆዳ ሐኪም አይደለሁም፤ ይሄን ከአሁኑ ያዙልኝ። ግን ኤግዚማ ያለበት ልጅ እናት ነኝ። አሁን 11 ዓመቱ ነው፤ ኳስ ሲያባርር ይውላል። በስድስት ወሩ ግን ጉንጩ ሲነካ እንደ ዛፍ ቅርፊት ነበር። ማታ ማታ እጁን ካልሲ አልብሼ ነበር የማስተኛው። ካልሲው ከወለቀ ጠዋት ትራሱ ላይ ደም አለ። እዚህ ውስጥ የልጇን እጅ ካልሲ ያለበሰች እጇን ታውጣ እስቲ?

አያችሁ? እኔ ደግሞ ያኔ ብቻዬን መስሎኝ ነበር።

ዛሬ ሦስት ነገር ይዤ ነው የመጣሁት። አንደኛ፣ ይሄ ቆዳ ምን ጎድሎት ነው። ሁለተኛ፣ ቤት ውስጥ ቅባት ስንሠራ ምን እንምረጥ። ሦስተኛ፣ ምን እንተው። ሁለተኛውና ሦስተኛው እንደሚደባለቁብኝ አውቃለሁ፤ ቤቴም እንደዛ ነው የሚባለው፣ ወሬ አትጨርሽም ይሉኛል።

አንደኛው።

ኤግዚማ፣ እናቶቻችን ችፌ የሚሉት፣ ምንድን ነው? አያቴ የምትኖረው ጭቃ ቤት ውስጥ ነበር። ጭቃው ከጭድ ጋር ይቦካል፣ ይሰነብታል፣ ከዚያ ነው የሚለሰነው። ጭድ ያነሰበት ግድግዳ ምን ይሆናል? ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ሙቀቱ ይወጣል፤ በዚያው ስንጥቅ ንፋስም ጉንዳንም ይገባል። የላይኛው ቆዳችንም እንደዚያ ነው። ሴሎቹ እንጨቱ ናቸው። በመሐላቸው ያለው ስብ፣ ማለትም ሴራማይድ፣ ኮሌስትሮልና ፋቲ አሲድ፣ ልስኑ ነው። ኤግዚማ ያለበት ልጅ ልስኑ ስንጥቅጥቅ ያለ ነው። ውሃው በስንጥቁ ይወጣል፤ ሳሙናው፣ አቧራው፣ ባክቴሪያው ይገባል። ሰውነቱ ደግሞ ሌባ ገባ ብሎ ይጮኻል። ማሳከክ የምንለው ያን ጩኸት ነው።

«ከማን ወረሰው? ከኔ ነው ከአባቱ?» የምትለኝ እናት ሁሌ አለች። አማቶች ፊት የሚነሳ ጥያቄ ነው፣ አውቃለሁ። በቤተሰብ ይሄዳል፤ አስም ወይም የአፍንጫ አለርጂ ያለበት ዘመድም ብዙ ጊዜ አይጠፋም። አውሮፓ ውስጥ ፊላግሪን የሚባለውን የቆዳ ፕሮቲን የሚያጎድል የዘር ለውጥ በብዙ ታማሚዎች ላይ ተገኝቷል። በኢትዮጵያውያን የኤግዚማ ታማሚዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት ግን ያ ለውጥ እምብዛም አልተገኘም። እዚያ ያለው መልስ ሁሉ እዚህ አይሠራም ማለት ነው። ስለዚህ ባልና ሚስት ጥፋተኛ መፈላለጉን ተዉት።

አንድ ነገር ደግሞ። ኢንተርኔት ላይ «ቀይ ሽፍታ» ይላል። በኛ ቆዳ ላይ ቀዩ ብዙም አይታይም። ጠቆር ያለ፣ ግራጫ የሚመስል፣ ሲዳሰስ እንደ አሸዋ የሚሻክር ነው። ስለዚህ ከዓይናችሁ ይልቅ ጣታችሁን እመኑ። የሚያሳክክ ሁሉ ደግሞ ኤግዚማ አይደለም። ክብ ሆኖ ዳር ዳሩ ከፍ ካለ ጭርት ሊሆን ይችላል። ማታ የሚብስ፣ በጣቶች መሐል የሚወጣ፣ ቤተሰቡን በሙሉ የሚያሳክክ ከሆነ እከክ ነው የሚጠረጠረው። ለእነሱ መድኃኒት አላቸው፤ እኔ ዛሬ የማሳያችሁ ቅባት አንዱንም አያድንም።

እሺ፣ ወደ ዋናው።

የመጀመሪያውን ክሬሜን ልንገራችሁ። ልጄ ሰባት ወሩ ነበር። ፋርማሲስት ነኝ ብያለሁ አይደል? ተምሬያለሁ አይደል? እናት ስሆን ትምህርቱ ሁሉ ጠፋብኝ። የእሬት ጭማቂ አደረግኩ። አጃ ፈጭቼ በፈላ ውሃ ዘፈዘፍኩ። ግሊሰሪን ጨመርኩ፣ የወይራ ዘይት ጨመርኩ፣ ለሽታው ላቬንደር ጠብ አደረግኩ። ተፈጥሯዊ! በሚክሰር መታሁት፣ ነጭ ሆነ፣ አማረ። ጠርሙሱ ላይ ሪባን ሁሉ አስሬበታለሁ፣ አትሳቁ!

በሦስተኛው ቀን ዘይቱ ወደ ላይ ወጣ፤ ከታች ግሊሰሪኑና ውሃው ተኝቷል። ግሊሰሪን ከውሃ ጋር እንጂ ከዘይት ጋር አይስማማም። የሚያስታርቃቸው ሌላ ነገር ካልገባ ብትመቱት ብትመቱት ይለያያሉ። እኔ ግን አማስዬ አማስዬ ቀባሁት። በዘጠነኛው ቀን ክዳኑን ሳነሳ፣ ከክዳኑ ውስጥ ጥግ ላይ የጥፍር ስፋት ያላት አረንጓዴ ነገር፣ ጸጉር አውጥታለች። እንጀራ ላይ የምናውቃት ሻጋታ! ሻጋታው በዓይን እስኪታይ ድረስ የማይታየው ባክቴሪያ ስንት ቀን ሲራባ እንደሰነበተ አስቡት። በዚያ ሳምንት የልጄ የክርኑ እጥፋት ቢጫ ፈሳሽ አወጣ፣ እንደ ማር ደረቀበት። ሐኪም ጋ ሄድን፣ አንቲባዮቲክ ጀመረ። ከክሬሙ ይሁን ከሌላ ምለሽ ተናገሪ ብትሉኝ አልችልም። ግን በዚያች ሌሊት ለራሴ የማልኩት ነገር አለ።

ስለዚህ ይሄን ስሙኝ። ቤት ውስጥ ውሃ ያለበት ክሬም አትሥሩ። ደግሜ ልበለው? ውሃ ያለበት አትሥሩ! የእሬት ጭማቂም ውሃ ነው። የጽጌረዳ ውሃም ውሃ ነው። ሻይም ውሃ ነው። ወተትማ፣ እሱ ለባክቴሪያ ድግስ ነው። «አፍልቼዋለሁ» ትሉኛላችሁ። ስታፈሉት ንጹሕ ነው፤ ጣታችሁ የገባ ቀን ግን ንጽሕናው አበቃ። ፋብሪካ ይሄን የሚከላከለው በመከላከያ ኬሚካል ነው። እሱን በልክ መጨመርና መሥራቱን መፈተሽ ላቦራቶሪ ይፈልጋል። እኔም ቤቴ ላቦራቶሪ የለኝም። መከላከያውም ራሱ ቆዳ የሚያስቆጣ አለ፤ አውሮፓ ሜቲልአይሶታያዞሊኖን የሚባለውን ተቀብተን ከምንተወው ክሬም ውስጥ ያስወጣችው ስንቱን አለርጂ ካስያዘ በኋላ ነው።

ቤት ውስጥ የምንሠራው ውሃ የሌለውን ቅባት ነው። ድርቅ ያለ፣ ዘይትና ሰም ብቻ የሆነ ቅባት። ልስን ነው የጎደለው አላልንም? ልስን ነው የምንሰጠው።

አሁን ምርጫው። መድኃኒት ቤት መጥታችሁ ሁሌ የምትጠይቁኝ አንድ ነው፦ «እሜቴ፣ ምን ልጨምርበት?» ጥቁር አዝሙድ ልጨምር? ማር ልጨምር? ቫይታሚን ኢ ልሰንጥቅበት? አንድም ቀን «ምን ላውጣበት?» ያለችኝ የለችም። እያንዳንዱ የምትጨምሩት ነገር በተሰነጠቀ ግድግዳ የሚገባ አዲስ እንግዳ ነው። አምስት እንግዳ አስገብታችሁ ልጁ ቢያብጥ፣ የትኛው ነው ጥፋተኛው? አታውቁም። ሦስት ከሆኑ ግን አንድ በአንድ ታስወጣላችሁ።

ስለዚህ የኔ ሦስት ናቸው። አንዱን ስነግራችሁ እንዳትናደዱብኝ።

ቫዝሊን ነው።

ይኸው፣ ፊታችሁ ተቀየረ! «ለዚህ ነው ቅዳሜያችንን ያባከንነው?» አላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1872 የባለቤትነት ፈቃድ ያገኘ ነገር ነው። ርካሽ ነው፣ አያምርም፣ ሪባን አይታሰርበትም። ግን ቆዳ ላይ ውሃ በማቆየት የሚስተካከለው የለም። አለርጂ ማስያዙም እጅግ ብርቅ ነው። ነጩን፣ የተጣራውን ግዙ። ሽታ የሌለውን! ሮዝ ክዳን ያለው፣ ሕፃን የተሳለበት፣ ሲከፈት ቤቱን የሚያውደው አለ፤ እሱን ተዉት። ጀርባውን አንብቡ። ፓርፉም ወይም ፍራግራንስ የሚል ቃል ካያችሁ መልሱት። የሕፃን ሥዕል ማስረጃ አይደለም።

ሁለተኛው ዘይት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ዘይት ሁሉ ለቆዳ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ሊኖሌይክ አሲድ ይበዛበታል፣ አንዳንዱ ኦሌይክ አሲድ። ሊኖሌይኩን ቆዳ ራሱ ልስኑን ለመሥራት ይጠቀምበታል። ኦሌይኩ ደግሞ ያለውን ልስን ያላላዋል። የወይራ ዘይት ኦሌይክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ የእንግሊዝ ጥናት አዋቂዎች ክንዳቸውን ለሳምንታት ሲቀቡ የወይራ ዘይቱ የቆዳውን መከላከያ አዳክሞታል፣ የሱፍ አበባ ዘይቱ ግን አላዳከመውም። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ግን እኔ ላቬንደር ያጠጣሁትን የወይራ ዘይት አስታወሰኝና አመመኝ።

«የኛስ አቮካዶ?» ትላለች አንዷ። ይርጋለም የሚጨመቀው! ጎረቤታችን! እወደዋለሁ፣ ሰላጣ ላይ። እሱም ኦሌይክ ነው። የሽፈራው ዘይትም ኦሌይክ ነው። ለሆድ የምናወድሰው ዘይት ለተሰነጠቀ ቆዳ አይመከርም፤ ምን ላድርግ፣ እኔ አልፈጠርኩት። ሺአ በተርም (ከዛፍ ፍሬ የሚወጣው ቅባት) ቢሆን፣ የኛው ጋምቤላ የሚበቅለው ከምዕራብ አፍሪካው የሚለሰልሰው ኦሌይኩ ከፍ ስለሚል ነው። ለደህና ቆዳ ድንቅ ነው። ለሚቆጣ ቆዳ ግን የመጀመሪያ ምርጫዬ አይደለም።

ኑግስ? ኑግ ሊኖሌይኩ እስከ 70 በመቶ ገደማ ይደርሳል፤ በቁጥር ብቻ ቢሆን አሸናፊ ነበር። ችግሩ ሰፈር የሚጨመቀው አለመጣራቱ ነው። የፍሬው ፕሮቲንና ሽታው አብሮ ይመጣል። ምን እንደተደባለቀበትም አታውቁም። ስለዚህ እኔ የተጣራ የፈረንጅ ሱፍ ዘይት፣ ሱቅ የምንገዛውን የሱፍ አበባ ዘይት ነው የምለው። መለያው ላይ «ሀይ ኦሌይክ» የሚል ካለ ግን ያው ወይራ ሆነ ማለት ነው፣ ተዉት። ሊኖሌይክ ቶሎ ይበላሻል፤ ስለዚህ ትንሽ ትንሽ ነው የሚሠራው።

ሦስተኛው ሰም ነው፣ የንብ ሰም። እዚህም አንድ ቀን ተሸውጃለሁ። ከጠጅ ቤት ሰፈፍ በነጻ አመጣሁ። ርካሽ ሲያገኝ የማይደሰት ማን አለ? አቅልጬ በሻሽ አጠለልኩት። ቤቱ ለሁለት ቀን ጠጅ ቤት ሸተተ፤ ባለቤቴ ሲገባ «ማን ሰከረ?» አለ። ሰፈፍ ውስጥ የጌሾ ርዝራዥ አለ፣ ከቀፎው የመጣ ፕሮፖሊስም አለ። ፕሮፖሊስ ቆዳ የሚያስቆጣ የታወቀ ነገር ነው። የተጣራውን ግዙ። ጧፍ አቅልጣችሁም አትጠቀሙ፤ ምን እንደገባበት የሚያውቀው የሠራው ሰው ብቻ ነው።

ሦስተኛው ነጥቤ፣ የምንተወው። ግማሹን ነግሬያችኋለሁ። ሎሚ ይቅር፤ ያቃጥላል፣ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ይቅሩ፤ በፌጦ የተላጠ የሕፃን እግር አይቻለሁ፣ ልረሳው አልችልም። ቤኪንግ ሶዳ ይቅር። ቆዳ አሲድ ነገር ነው የሚወደው፣ ፒኤች 5 አካባቢ፤ የልብስ ሳሙናና ሶዳ ግን ተቃራኒው ናቸው። ጥሩ መዓዛ ያለው ጠብታ ሁሉ ይቅር፣ ላቬንደሩም ቲ ትሪውም።

ቅቤ ላይ ግን ልቁም። ቅቤ ከባድ ነው።

አማቴ ከአለታ ወንዶ መጡ። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ ይዘው። ልጁን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «ልጄን ያደረቀው ይሄ የፋብሪካ ነገር ነው» አሉ። እኔ ምን ልበል? ባሌን በዚያ ቅቤ አሽተው ነው ያሳደጉት፤ ቆዳው እስከ ዛሬ እንደ መስታወት ነው። ዝም አልኩ። ለሁለት ቀን አሹት። በሦስተኛው ቀን አንገቱ ሥር ተነሳበት፣ እያለቀሰ አደረ። እሳቸውም አብረው አለቀሱ።

ለጋ ቅቤ ንጹሕ ስብ አይደለም። ውስጡ ውሃ አለ፣ የወተት ፕሮቲን አለ፣ የማይታይ ነዋሪም አለው። ደህና ቆዳ ይችለዋል። የተሰነጠቀ ቆዳ ግን ፕሮቲኑን ወደ ውስጥ ያሳልፋል። ሰውነት ደግሞ ምግብን በአፍ ሲመጣ እንደ ወዳጅ መቀበል ይማራል፤ በቁስል በኩል ሲመጣ ግን እንደ ጠላት ሊመዘግበው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ የእንግሊዝ ጥናት፣ በሚቆጣ ቆዳቸው ላይ የለውዝ ዘይት ያለበት ክሬም የተቀቡ ልጆች የለውዝ አለርጂ በብዛት ታይቶባቸዋል። ለዚህ ነው ፕሮቲኑ ያልተጣራለትን የምግብ ነገር በቆዳው አትቀቡ የምለው። አጃውንም ያስወጣሁት ለዚህ ነው። ፋብሪካ አድቅቆ ለቆዳ የሚያዘጋጀው አጃ ጥሩ ስም አለው፤ ወፍጮ ቤት የተፈጨው ግን ሌላ ነው።

ለአማቴ ይሄን ሁሉ አልነገርኳቸውም። «እማማ፣ ቅቤው በገንፎው ይግባለት» ነው ያልኳቸው። ደስ አላቸው። የወተት አለርጂ ያለበት ልጅ ከሆነ ገንፎውም ላይ አይሆንም፣ ይሄን ደግሞ ልብ በሉ።

አሁን አንድ የማያስቅ ነገር። ቫዝሊኑ ውስጥ የስቴሮይድ፣ ማለትም የተቆጣ ቆዳ የሚያበርድ መድኃኒት፣ ቱቦ ጨምቃችሁ የምታዋህዱ አላችሁ። አውቃችኋለሁ፤ ቱቦውን የሸጥኩላችሁ እኔ ነኛ። አታዋህዱ። ልኩ ይጠፋል፤ ፊት ላይ ሲሰነብት ቆዳ ይሳሳል። «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» ተብሎ የሚሸጥ፣ ሦስት ቀን ሳይሞላው ሽፍታውን የሚያጠፋ ክሬምም ስታዩ ጠርጥሩ። ተፈጥሮ እንዲህ አትፈጥንም። ሐኪም በልኩ ያዘዘውን ስቴሮይድ ደግሞ ፈርታችሁ መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጡ። ቅባቱ ልስን ነው፣ እሳት አያጠፋም። ቆዳው ሲቀጣጠል የሚያጠፋው መድኃኒቱ ነው። ቢጫ ፈሳሽ፣ ትኩሳት፣ ወይም በድንገት የወጡ የሚያሙ ክብ ክብ ቁስሎች ካያችሁ፣ ቅባት ፍለጋ ሳይሆን በዚያው ቀን ወደ ሐኪም።

አሠራሩን እዚህ ጠረጴዛ ላይ አሳያችኋለሁ፤ በቃል ግን ያዙት። ቫዝሊን 75 ግራም፣ የሱፍ አበባ ዘይት 20 ግራም፣ ሰም 5 ግራም። በሚዛን! በሾርባ ማንኪያ አይደለም። ድስት ውስጥ ውሃ አሙቁ፣ ጎድጓዳ ሳህን ላዩ ላይ። ሰሙ የሚቀልጠው 63 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እሳት ላይ በቀጥታ አትጣዱት። መጀመሪያ ሰሙና ዘይቱ፣ ከዚያ ቫዝሊኑ። ደርቆ ባበቃ ጠርሙስ ውስጥ ገልብጡት። ጠብታ ውሃ እንኳ እንዳይኖር። ፕላስተር ለጥፋችሁ ቀኑን ጻፉ፤ ከአንድ ወር አይለፍ። እርጥብ ጣት አታስገቡ፣ ንጹሕ ማንኪያ ተጠቀሙ።

ልጁን ከማዳረሳችሁ በፊት ክንዱ ውስጠኛው ላይ፣ የአንድ ብር ሳንቲም በምታህል ቦታ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ለ7 ቀን ቀቡት። ምንም ካልሆነ ቀጥሉ። ለብ ባለ ውሃ አጥባችሁ፣ በፎጣ መታ መታ አድርጋችሁ፣ ገና እርጥብ እያለ ቀቡት። ብዙ! ጽኑ ኤግዚማ ላለበት ልጅ በሳምንት 250 ግራምና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። እናንተ 50 ግራሟን ለሁለት ወር ታቆዩና «አልሠራም» ትሉኛላችሁ። ስለዚህ የነገርኳችሁን ልክ አባዙት፤ የቀረውን ሰውነት ባዶ ቫዝሊን ይችለዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ቡና የምታፈሉ ስሙኝ። ይሄ ቅባት ልብስና ፎጣ ውስጥ ይሰርጋል፤ የሰረገበት ጨርቅ እሳት ከነካው እንደ ኩራዝ ክር ነው የሚቀጣጠለው። የተቀባ ልጅ አቅፋችሁ ከሰል ዳር አትቀመጡ።

አማቴ? አሁን በየሁለት ወሩ ሲመጡ ለተረከዛቸው አንድ ጠርሙስ ይወስዳሉ። ለጎረቤት ሲያሳዩ «የምራቴ ቅቤ» ነው የሚሉት፤ አላርማቸውም።

ሰሙ የቀለጠ መሰለኝ። እጃችሁን ታጠቡ፣ አድርቁ፣ በደንብ አድርቁ፣ ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ኑ። አባቶችም!